የሰማንያ ቀን ልብስ

ነገሌ ቦረና ላይ ነጭ መልበስ ድፍረት ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ በአዶላና በዋደራ አድርጎ የወረደ እንግዳ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ቀዩ አቧራ ቀድሞ ይቀበለዋልና። ደገኛው ሐምሌን ክረምት ይለዋል። የኛ ዝናብ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ አንድ ጊዜ፣ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ሌላ ጊዜ የሚጠበቅ ነው፤ በሐምሌ ሰማዩ ይዳምናል፣ ነፋሱ ይነፍሳል፣ ጠብታ ግን የለም። እኛ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ገብተን ለእኅታችን ልጅ የክርስትና ልብስ እንድንሰፋ የታዘዝነው እንግዲህ በዚህ ወር ነው።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል። ለሚሰፋ ሰው ግን ቁጥሩ ሌላም ትርጉም አለው። የሰማንያ ቀን ልጅ ክንዷ ሞልቷል፣ አንገቷ ትከሻዋ ውስጥ ጠፍቷል። ደግሞም ልብሱ የሚለበሰው ከውሃው በኋላ ነው። ሕፃኗ ራቁቷን ሦስት ጊዜ ትጠልቃለች፣ በ36 ሥፍራ ሜሮን ትቀባለች፤ ከዚያ በኋላ ነጩን ትለብሳለች። እርጥብ ገላ፣ ቅብዓት፣ ጩኸት! ጠባብ አንገት ያለው ልብስ ይዞ የቀረበ ሰው ወዮለት።

እናታችን ግን ጭራሽ መስፋቱንም አልወደደችውም። «ገበያ ሞልቶ የለም እንዴ? ከሞያሌ የመጣ ዳንቴል ያለው ገዝተን ብንገላገል ምናለ?» አለች። እውነት ነው፣ ገበያው ሞልቷል። ያ የሚያብለጨልጭ ናይለን ግን ላብ አይጠጣም፤ በቆላ አገር ሕፃን ላይ ሲውል ምን እንደሚያደርግ ከጎረቤት ልጆች ገላ አይተናል።

ይህን ስንከራከር አያታችን ከመደቧ ተነሥታ ሳጥኗን ከፈተች። ያወጣችው ኩታ ነበር። በጉልምስናዋ ራሷ ፈትላ፣ ለዶርዜ ሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው፣ ጥበቡ ቀጭን፣ አንድ ቀን እንኳ ያልተለበሰ ኩታ። ለምን እንደተቀመጠ የማያውቅ ቤተሰብ የለም፤ መገነዣዋ ነው።

«እማዬ፣ ተይ! ለሞት የተቀመጠ ነገር ለሕፃን? ሟርት አይሆንም?» አለች እናታችን፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሞት ይጠብቀኛል፤ ሰማንያ ቀን ግን አይጠብቅም» አለች አያታችን። ቀጠል አድርጋም፣ «ደግሞስ ክርስትና ራሱ ምንድን ነው? ገብቶ መውጣት፣ ተቀብሮ መነሣት አይደለም?»

ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈውን እኛ አንብበነዋል፤ እሷ ፊደል ሳትቆጥር ኖራበታለች። መልስ የሰጠ አልተገኘም።

የእጅ ፈትል ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ከመቆረጡ በፊት መታጠብ አለበት። ለዚህም ሁለት ጀሪካን ውሃ ተገዛ። አያታችን አንዷን ጠብታ በከንቱ እንድናፈስ አልፈቀደችም፤ ያጠብንበትን እንኳ ለአበባው አስቀመጠችው። የወታደር ሚስት ናት። በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ጦር በምግብና በውሃ ችግር አምፆ አዛዦቹን ሲያስር፣ ንጉሡ የላኩትንም ጄኔራል ወታደሩ ከሚበላው ሲያበላና ከሚጠጣው ሲያጠጣ፣ እሷ በዚሁ ከተማ አዲስ ሙሽራ ነበረች። የታሪክ መምህራን ያንን ቀን ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ አድርገው ያስተምሩናል፤ እሷ ግን «ያኔ ነጭ ማጠብ ነውር ነበር» ብላ ነው የምታስታውሰው።

መቀሱን ለመያዝ ሁላችንም ፈራን። በመጨረሻ የያዘችው ጎረቤታችን ናት፤ ሙስሊም ናት፣ በሰፈራችን ከእሷ የተሻለ የመርፌ እጅ የለም። ቢስሚላህ ብላ የድሩን መስመር ተከትላ ቆረጠችው። ከዚያም እያንዳንዳችንን ሥራ አስያዘችን። የሸማ ጠርዝ ይተረተራልና ሁለት ጊዜ አጥፈን ቀመቀምነው። ስፌቱ ገላ እንዳይፋቅ ወደ ውጭ ሆነ። ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተከፍቶ በቁልፍ ፈንታ በሦስት ማሰሪያ ተያዘ፤ እጅጌው ሰፋ፤ አንገቱም ለማዕተቡ ቦታ እንዲተው ዝቅ አለ። ጥበቡ ከታች ቀረ፤ የክርስትና እናቷ ታቅፋት ስትወጣ ከክንዷ በታች ወርዶ እንዲታይ።

ልጅቷ ለብሳው የዋለችው ከግማሽ ቀን አይበልጥም። አሁን ታጥቦ በዚያው ሳጥን ተቀምጧል፤ ለሚቀጥለው ልጅ። ለሰማንያ ቀን ልጅ የተሰፋ ለአርባ ቀኑም ይሆናል፤ ማሰሪያውን ጠበቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ዕዳው ግን የኛ ነው። አያታችን መገነዣ የላትም። ገዝተን እንተካ ስንላት «የማላውቀው ሰው የፈተለውን ለብሼ አልሄድም» አለች። የእሷ ጣቶች ደግሞ ከእንግዲህ እንዝርት አያሽከረክሩም። ስለዚህ ባዘቶ ገዝተን ከእግሯ ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ የፈተልነው ክር አንዱ ጋ እንደ ገመድ ወፈረ፣ ሌላው ጋ እንደ ሸረሪት ድር ሳሳ። ይህ ሸማኔ ዘንድ ሊደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ቆጥረን «እማማ፣ እስከዚያ ትጠብቂናለሽ?» አልናት።

ክሩን በጣቷ ዳብሳ ሳቀች። «ምን አስቸኮላችሁ?» አለች።