ድመቱማ ቢጫ ነው!

እ.ኤ.አ. በማርች 2012 «ዘ ሀንገር ጌምስ» ሲኒማ ሊገባ ሰሞን፣ ሜሪላንድ ያለን የሀበሻ ልጆች ያበድነው እብደት ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ያስቀኛል። ሱዛን ኮሊንስ በ2008 ያሳተመችውን መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ለመዋስ ወረፋ ነበረው። እኛ ጋ ሲደርስ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ገጾቹ በቺፕስ ቅባት ወዝተው ነበር። ያኔ ገና ከአዲስ አበባ ለመጣነው እንግሊዝኛ የፈታንበት መጽሐፍ ነው። ተራኪዋ ካትኒስ ነገሩ ዓይኗ ፊት እየሆነ በአጭር በአጭሩ ስለምታወራ፣ መዝገበ ቃላት ለመግለጥ እንኳ ፋታ አትሰጥም።

የመጀመሪያው ትርኢት እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። እናቴን ሳስፈቅድ «ስለምንድን ነው?» አለችኝ። መንግሥት ከየአውራጃው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ በዕጣ ወስዶ፣ አንድ እስኪቀር ያገዳድላቸዋል፤ ሀገሩ በሙሉ በቴሌቪዥን ያያል አልኳት። እሷ በደርግ ጊዜ ወንድሞቿ ከአፈሳ ሲደበቁ ያየች ሰው ናት። «ይኼማ አፈሳ ነው፤ ምኑ ነው ልብ ወለድ? ደግሞ እሱን ለማየት ነው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የምትወጪው?» ብላ፣ አክስቴ አብራን እንድትሄድ ፈረደች።

አክስቴ ጸጉራችንን እንደ ካትኒስ በአንድ ጎን ልትጎነጉንልን ተቀመጠች። እጇ የለመደው ሹሩባ ነውና ግንባራችን እስኪወጠር ስባ ሠራችን። ካትኒስን ሆና የምትሠራውን ጄኒፈር ሎውረንስን ሳይሆን ለጥምቀት የተኳኳሉ ልጆችን መሰልን። ግድ አልነበረንም!

ከአዳራሹ ስንወጣ ግን ክርክር! ወፍ ያለበትን የደረት ጌጥ ለካትኒስ የሰጠቻት የከንቲባው ልጅ ማጅ አልነበረችም እንዴ? ፊልሙ ማጅን ጭራሽ አጥፍቷት፣ ጌጡ ከገበያ የመጣ ሆኗል። አብሯት በዕጣ የተላከው ፒታስ? መጽሐፉ ላይ እግሩ ተቆርጦ ሰው ሠራሽ ይገባለታል፤ ፊልሙ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ይስቃል። ከሁሉ ከሁሉ የካትኒስ እህት የፕሪም ድመት! ስሙን ያገኘው ከቢጫ አበባ ሆኖ ሳለ፣ ጥቁርና ነጭ ድመት አምጥተው ሰኩልን። እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ «ድመቱማ ቢጫ ነው!» እያልን ጮኽን። አክስቴ «ለድመት ነው ይኼ ሁሉ?» ትላለች፣ ትንሿ ተወዳዳሪ ሩ ስትሞት ያለቀሰችበትን መሀረብ እንደያዘች።

አሁን ደግሜ ሳየው ዳይሬክተሩ ጌሪ ሮስ የገባበት ጣጣ ይታየኛል። መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ካትኒስ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ካሜራ ደግሞ እዚያ አይገባም። ስለዚህ ወደ ውጭ ወጣ፦ ጨዋታውን የሚመሩት ሰዎች ቁልፍ ሲነካኩ፣ አስተዋዋቂው ስለ መርዛማዎቹ ተርቦች ለተመልካች ሲያስረዳ አሳየን። የጨዋታውን አለቃ ሴኔካ ክሬንን ከመርዝ ፍሬ ጋር ክፍል ውስጥ የሚቆልፉበት ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እኔ ግን እዚያ ያነበብኩት እስኪመስለኝ ድረስ አምኜዋለሁ። የሚንቀጠቀጠው ካሜራ ብቻ አሁንም ራሴን ያዞረኛል። ደም ሳያሳዩ ግድያ ለማሳየት ጠቅሟቸዋል መቼስ።

ፊልሙ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ብቻ ከ152 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው? በ2013 ሁለተኛው መጣ፤ ድመቱም ቢጫ ሆኖ ብቅ ሲል እኛ የተቀመጥንበት መደዳ አጨበጨበ። በ2014 «ዳይቨርጀንት»፣ «ዘ ሜዝ ራነር» እና «ዘ ጊቨር» ተከታትለው ጎረፉ። ሻይሊን ውድሊና አንሰል ኤልጎርት በማርች በ«ዳይቨርጀንት» እህትና ወንድም ሆነው ያየናቸው፣ በጁን በሌላ ፊልም ፍቅረኛሞች ሆነው መጡ። እኛ የሀበሻ ልጆች ዓይናችንን ሸፍነን ጮኽን! «ዘ ጊቨር» ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ሎይስ ሎውሪ በ1993 የጻፈችው ዮናስ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ የሰውን ሁሉ ሕመም ሲሸከም የሚያስጨንቀው ለዚያ ነው። ፊልሙ የደረሰ መልከ መልካም ጎረምሳ አደረገው።

ቀጥሎ ስስት መጣ። የ«ሀንገር ጌምስ»ን የመጨረሻ መጽሐፍ ለሁለት ከፍለው አንድ ዓመት አስጠበቁን፤ ጠበቅን። «ዳይቨርጀንት»ም እንዲሁ ሊያደርግ ሲል፣ በ2016 የወጣው ግማሹ ከሰረና መደምደሚያው ፊልም ሳይሠራ ቀረ። መጽሐፉን ያላነበበ ጓደኛችን ዋናዋ ባለታሪክ ትሪስ ዛሬም በሕይወት ያለች ይመስለዋል።

የእህቴ ልጅ አራቱን የካትኒስ ፊልሞች በአንድ ቅዳሜና እሁድ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጨረሰቻቸው። «አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሩ ጠበቃችሁ?» አለችኝ። ስንጣላ ነዋ! አሁን ደግሞ ኮሊንስ በ2025 ያወጣችውን የካትኒስን አሠልጣኝ የሄይሚችን የወጣትነት ታሪክ አንብባ፣ ፊልሙ ለኖቬምበር 2026 ተቀጥሯል ብላ ቀን ትቆጥራለች። መጽሐፉን እያገላበጠች «ይቺን ቢያስቀሯት አልለቃቸውም!» ስትል ሰማኋት። ሹሩባ እንዲሠራላት ለአክስቴ ደውያለሁ።