ፔኒሲሊን በፖፖ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እናትሽ በርበሬውንና ሽሮውን በሰማያዊው ባልዲ፣ ጋቢውን በፌስታል አድርጋ ነገ ጠዋት ከደሴ በሚነሳው አውቶብስ ትልክልሻለች። ይህ ደብዳቤ ከበርበሬው በላይ ስለተቀመጠ ቢያስነጥስሽ አትቀየሚ። በስልክ ይህን ሁሉ ማውራት አይሆንም። አንቺ «እሺ አባዬ» ትያለሽ፣ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል።

ባለፈው ስትደውዪ ሥራ ስለምትጀምሪበት ስለ ቂሊንጦው የመድኃኒት ፋብሪካ አንድ ነገር ብለሽ ስቀሽ ነበር። የክፍል አለቃሽ ከሕንድ የመጡ ኬሚስት ናቸው። የማሽኑ ሰው ጅማ ያደገ፣ ከጎንሽ የምትቀመጠው ደግሞ የጅግጅጋ ልጅ ናት። ማሸጊያው ክፍል ያሉት ሴቶች የብዙ ዓመት የሥራ ዘመን አላቸው። «እስክንግባባ ድረስ መድኃኒቱ ጊዜው ያልፍበታል» አልሽ። አባትሽም አብሮ ሳቀ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ቆየት ብሎ አሰበበት። አንቺ የምትገቢበት ሙያ ትልቁን ሥራውን የሠራው ከዚያ በባሰ የተዘበራረቀ ቤት ውስጥ እንደሆነ ነግሮሽ አያውቅም። ፔኒሲሊንን ማለቱ ነው። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፔኒሲሊን ሲባል ሰው ሁሉ የሚያነሳው አሌክሳንደር ፍሌሚንግን ነው። በመስከረም 1928 ከዕረፍት ሲመለስ፣ ለንደን በሚገኘው ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ትቶት የሄደው ሳህን ሻግቶ አገኘው። በሻጋታው ዙሪያ ባክቴሪያው ጠፍቷል። ይህን አስተውሎ በ1929 ጻፈ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ፔኒሲሊን የሚባል መድኃኒት አይኖርም ነበር። ፍሌሚንግ የባክቴሪያ ሰው ነው፤ ከሻጋታው ፈሳሽ ውስጥ መድኃኒቱን ለይቶ ማውጣት ደግሞ የኬሚስት ሥራ ነው። ፈሳሹ ቶሎ ይበላሻል፣ ሲነካካ ኃይሉ ይጠፋል። ነገሩም አሥር ዓመት ያህል መጽሔት ውስጥ ተኛ።

የቀሰቀሱት ኦክስፎርድ ያሉ ሰዎች ናቸው። የቤቱ አለቃ ሃዋርድ ፍሎሪ ከአውስትራሊያ፣ ከአደሌድ ከተማ የመጣ የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር ነበር። ኤርነስት ቼይን የበርሊን አይሁዳዊ ነው፤ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 አሥር ፓውንድ ኪሱ ውስጥ ይዞ እንግሊዝ የገባ ስደተኛ፣ ኬሚስት፣ በዚያ ላይ ጎበዝ ፒያኖ ተጫዋች። የቆዩ መጽሔቶች ሲያገላብጥ የፍሌሚንግን ጽሑፍ ያገኘው እሱ ነው። ሦስተኛው ኖርማን ሂትሊ የእንግሊዝ ገጠር ልጅ ነበር። በ1939 ዕድሜው 28 ሲሆን እንጨት መጥረብ፣ መስታወት ማቅለጥ፣ ከወዳደቀ ዕቃ መሣሪያ መሥራት ይችላል። ድምፁ አይሰማም።

ቼይንና ሂትሊ አይዋደዱም ነበር።

በስብሰባ ላይ ይህ አይነገርሽም። አንዱ ችኩል፣ ተናጋሪ፣ ሐሳቡ ከአፉ የሚቀድም ነው። ሌላው ዝምተኛ ሆኖ እያንዳንዷን ጠብታ የሚመዘግብ ነው። በዚያ በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ሂትሊ ወደ ኮፐንሃገን ሊሄድ የነበረው ጉዞ ቀረበትና ፍሎሪ እንዲቆይ ለመነው። ሂትሊም ቼይን ሥር እንደማይሠራ፣ ተጠሪነቱ ለራሱ ለፍሎሪ እንዲሆን ነግሮት ቆየ። ፍሎሪ ሁለቱን ሰብስቦ «ታረቁ፣ ተቃቀፉ» አላለም፤ መስመሩን ለያይቶ ሥራውን አንድ አደረገው። ለአባትሽ የዚህ ሰውዬ ትልቁ ብልሃት ይኸኛው ነው፤ ሽማግሌ ልኮ ለማስታረቅ ቢሞክር ኖሮ አንዱን ያጣ ነበር።

ጥቅሙም ወዲያው ታየ። የሻጋታውን ፈሳሽ አሲድ ጨምረው ከኤተር ጋር ሲንጡት ፔኒሲሊኑ ወደ ኤተሩ ይገባል። ከኤተሩ ሳይሞት እንዴት ይውጣ? እዚህ ላይ ተጣበቁ። ሂትሊ ኤተሩን መልሰን በትንሹ አልካሊ በሆነ ውሃ ብንንጠውስ አለ። ሐሳቡ ከቀላልነቱ የተነሳ ለቼይን የማይሆን መሰለው። ሂትሊ ሞከረው፤ ፔኒሲሊኑም ወደ ውሃው ተመለሰ። ቼይን ባይከራከረው ኖሮ ሂትሊ ያን ያህል እልህ ይይዘው ነበር? አባትሽ ይጠራጠራል።

ግንቦት 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦች ገዳይ ባክቴሪያ ተወጉ። አራቱ ፔኒሲሊን ተሰጣቸው፣ አራቱ ምንም አላገኙም። ሂትሊ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ መድኃኒት ያላገኙት አራቱም ሞቱ፤ የቀሩት ሳጥናቸው ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። በማግስቱ የእንግሊዝ ጦር ከደንከርክ ባሕር ዳር መሸሽ ጀመረ። ጀርመን ትገባለች ተብሎ ስለተፈራ የላቦራቶሪው ሰዎች የሻጋታውን ዘር በኮታቸው ገበር ላይ አሹት፤ አንዳቸው እንኳ ካመለጠ ዘሩ አብሮት ይተርፋል።

አሁን ወደ ፖፖው እንምጣ። ለአይጥ የሚበቃው ለሰው አይበቃም፣ ሻጋታውም የሚያድገው በስስ ፈሳሽ ላይ ተዘርግቶ ነው። ብዙ ጠፍጣፋ ዕቃ ያስፈልጋል፤ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ፋብሪካ ማን ይሰጣቸዋል? የብስኩት ቆርቆሮ ሞከሩ፣ የኬክ መጋገሪያ ሞከሩ፣ የወተት ዕቃ ሞከሩ። ከሁሉ የተሻለው የሆስፒታል በሽተኛ አልጋ ላይ ሆኖ የሚጠቀምበት ፖፖ ሆነ። ሂትሊ ከፖፖው ቅርጽ ተነስቶ፣ አራት ማዕዘን የሆነ፣ በጎኑ አፍ ያለው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረደር የሸክላ ዕቃ ነደፈ። የሠሩለት ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ጭነት በ1940 ለፈረንጅ ገና ሁለት ቀን ሲቀር ራሱ በተዋሰው መኪና ሄዶ አመጣ። ዕቃዎቹን የሚያጥቡት፣ ዘሩን የሚረጩት፣ ፈሳሹን የሚቀዱት ስድስት ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ «የፔኒሲሊን ልጃገረዶች» ይሏቸዋል። በየካቲት 1941 ፊቱ በኢንፌክሽን ያበጠ፣ አንድ ዓይኑ የወጣ የ43 ዓመት ፖሊስ መድኃኒቱን ወስዶ ማገገም ጀመረ። ከሽንቱ ውስጥ መልሰው እያጣሩ ቢሰጡትም አለቀባቸው፤ በመጋቢት ሞተ። መድኃኒቱ ይሠራል፣ እጃቸው ላይ ያለው ግን አይበቃም።

ስለዚህ ፍሎሪና ሂትሊ በሐምሌ 1941 አሜሪካ ገቡ። የበቆሎ አገር በሆነው በኢሊኖይ፣ ፒዮሪያ ከተማ ያለ የግብርና ላቦራቶሪ፣ የበቆሎ ስታርች ሲመረት የሚተርፈውን ፈሳሽ ምን እናድርገው እያለ ነበር። ለሻጋታው ሲሰጡት ምርቱ ብዙ እጥፍ ጨመረ። በ1943 ከፒዮሪያ የተገኘ አንድ የሻገተ ሜሎን ከኦክስፎርዱ የበለጠ የሚያመርት ዘር ይዞ ተገኘ። ፋይዘር ደግሞ ስኳርን በሻጋታ እያብላላ የሎሚ አሲድ ሲያመርት የኖረ ኩባንያ ነው። ያንን ልምዱን ይዞ በመጋቢት 1944 ብሩክሊን ውስጥ በቀድሞ የበረዶ ፋብሪካ በትላልቅ ታንከር ማምረት ጀመረ።

ወደ ሥራ ስትገቢ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የማይል ሰብሳቢ አታገኚም። ጥሩ ተረት ነው፤ ግን የሚያወራው ስለ ሸክም ነው። ሃምሳውም ሰው የያዘው ያው ሎሚ ነው። ኦክስፎርድ ላይ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ቢላዋ፣ አንዱ ብርጭቆ፣ አንዱም ፖፖ ይዞ ነው የመጣው። ሃምሳ ቼይን ቢሰበሰብ ኖሮ ሲከራከር ይመሽ ነበር። ሃምሳ ሂትሊ ቢሆንም ያ የፍሌሚንግ ጽሑፍ አቧራ እንደለበሰ ይቀራል።

የእኛ አገርም ምሳሌ አለው። ሩቅ አትሂጂ፣ አድዋ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት የጥገኛ ተሕዋስያን ባለሙያ ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ ወደዚያ ወረዱ። ቢልሃርዚያ የሚዛመተው ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ በኩል እንደሆነ አንቺም ተምረሻል። ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ሳሙናቸው እንዶድ ነው። ከእነሱ በታች፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አዩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋውን ወዲህ ጨምሪልኝ ብለው ሲያዩ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ሴቶቹ እንዶድን ከእናት ከአያት ጀምሮ ያውቁታል፤ ስለ ቀንድ አውጣው ግን የጠየቃቸው አልነበረም። እሳቸው ደግሞ ቀንድ አውጣውን ያውቃሉ እንጂ የልብስ ሳሙና የሙያቸው ጉዳይ አልነበረም። ቀጥሎ የእርሻ ሰው ተጨመረ፤ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በመቶ የሚቆጠሩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ብርቱዎቹን ለዩ። በ1989 ሁለቱም፣ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። (በዚያው ዓመት ሌላ ኢትዮጵያዊም ተሸልመዋል፤ ከገበሬው ጋር ሆነው የአገሩን ዘር ያዳኑት ዶክተር መላኩ ወረደ። አዲስ አበባ ስትረጋጊ ስለ እሳቸው ፈልገሽ አንብቢ።) የአጣቢዎቹ ስም በሽልማቱ ላይ የለም። በ1945ቱም ኖቤል ላይ ፍሌሚንግ፣ ፍሎሪና ቼይን ሲጠሩ ሂትሊ አልተጠራም። ኦክስፎርድ በ1990 የክብር የሕክምና ዶክትሬት ሰጠው። በ800 ዓመት ታሪኩ ሐኪም ላልሆነ ሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር ይባላል፤ ሂትሊ ያኔ 79 ዓመቱ ነው።

አባትሽ ይህን ሁሉ የሚያወራው ራሱ ንጹህ ሆኖ አይደለም። የላቦራቶሪ ኃላፊ በነበረበት ጊዜ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ሰኞ ሰኞ የሚሠራ የደም ምርመራ ውጤቱ እየተዛባ ከወር በላይ አስቸገረ። በሽተኛ ሁለቴ ሦስቴ ይወጋል። ሪኤጀንቱ ነው ተባለ፣ አቅራቢው ተወቀሰ፣ ደብዳቤ ተጻፈ። አባትሽ ሦስት ቴክኒሻኖች ሰብስቦ ስብሰባ አደረገ፤ አራቱም ከአንድ ኮሌጅ የወጡ፣ አንድ መጽሐፍ ያነበቡ ናቸው። በግማሽ ቃል ይግባባሉ። ስህተቱ የተደበቀው ደግሞ በቀረችው ግማሽ ቃል ውስጥ ነበር።

ክፍሉን የምታጸዳው ሴት በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ስለ ፍሪጁ...» ስትል አባትሽ «ቆይ፣ ስብሰባ ላይ ነን» አላት። እሷም መጥረጊያዋን ይዛ ሄደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግማ መጣች። ቅዳሜ ማታ ተረኛው ቡና ለማፍላት የፍሪጁን ሶኬት ነቅሎ ምድጃ ይሰካል፤ አንዳንዴ እሑድ ጠዋት እሷ ስትገባ ነው መልሳ የምትሰካው። ሪኤጀንቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞቅ ያድር ነበር። መላውንም ያመጣችው እሷ ናት። የፍሪጁን ሶኬት በቁስል ፕላስተር ጠቅልላ አሸገችው፣ ምድጃውም ኮሪደር ላይ ወዳለው ሶኬት እንዲሄድ አደረገች። ወጪው የአንድ ጥቅል ፕላስተር ነው። የወሩ ሪፖርት ላይ አባትሽ «በክፍሉ በተደረገ ክትትል ችግሩ ተፈቷል» ብሎ ፈረመ። ስሟን አልጻፈም። ይህን ለእናትሽም ነግሯት አያውቅም።

እንግዲህ ልጄ፣ ቂሊንጦ ስትገቢ ከሕንዳዊው አለቃሽ ጋር ቋንቋ ሲያስቸግርሽ በወረቀት ሳዪው። መስመር፣ ቀስት፣ ቁጥር። መሳል የጀመረ ሰው የዘለላት ደረጃ ወዲያው ትታየዋለች። ማሸጊያ ክፍል ካሉት ሴቶች ጋር ምሳ ብዪ፤ ማሽኑ ከመበላሸቱ በፊት የሚያሰማውን ድምፅ ከመሐንዲሱ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። የማታ ፈረቃውን ሰዎች ስም ያዢ። የማትወጂው ባልደረባ ቢያጋጥምሽ፣ ማጋጠሙም አይቀርም፣ ሥራው ካማረ ወንበርሽን ራቅ አድርጊ እንጂ ጆሮሽን አታርቂ። ሪፖርት የመጻፍ ተራ ሲደርስሽ ሐሳቡን ያመጣውን ሰው ስም ከነአባቱ ጻፊ፤ አለቃ ሰርዞ ቢመልሰውም አንቺ ጽፈሻል።

የእንዶዱ ወሬ ላይ እናትሽ ጣልቃ ገብታ «እኔም በእንዶድ ነው ነጠላ የማጥበው፣ ማንም አልጠየቀኝም» ትላለች።

ጋቢውን ለብሰሽ ተኚ፤ በአቃቂ በኩል ሌሊት ይበርዳል። ባልዲውንም አትጣዪው፣ ክዳኑ የሚገጥም እሱ ብቻ ስለሆነ በሚመጣ ሰው ትላክልኝ ብላለች።

አባትሽ
ከደሴ