የነፋስ ስልክ ውኃ ወዴት ይሄዳል?

የነፋስ ስልክ ሰው ስለ ሠፈሩ ስም ሲጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው። ነፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ መልእክት ይተላለፍበት ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ የተነሣ ነው፤ ላፍቶም በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው ብሎ ያስረዳል። በሠፈሩ መካከል የሚያልፈው የትንሹ አቃቂ ወንዝ ወዴት እንደሚሄድ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ድልድዩን የምንሻገረው አፍንጫችንን ይዘን ነውና፣ የውኃውን መንገድ ለመመርመር የሚቆም የለም።

እኔም ይህንኑ ለማየት ባለፈው እሑድ ከሁለት የመሥሪያ ቤት ባልንጀሮቼ ጋር በቃሊቲና በአቃቂ በኩል አድርገን ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ወረድን። ትንሹና ታላቁ አቃቂ የሚገናኙት እዚያ ነው፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይጓዛሉ።

በትምህርት ቤት ስለ ፓናማ ቦይ የተማረ ሁሉ የውኃ በር ምን እንደ ሆነ ያውቃል። መርከቡ ይገባል፤ በስተኋላው በሩ ይዘጋል፤ ከላይ ካለው ሐይቅ ውኃ ሲለቀቅ መርከቡ እየተንሳፈፈ ከፍ ይላል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1914 ጀምሮ መርከቦች በዚህ ዓይነት 26 ሜትር ያህል ወጥተው፣ እንደ ገናም ወርደው፣ ከውቅያኖስ ወደ ውቅያኖስ ይሻገራሉ። ወንዞቻችን ከደጋ ወደ ቆላ የሚወረወሩ ስለ ሆኑ፣ የእኛ የውኃ በር ሥራው ሌላ ነው። መርከብን ከፍ በማድረግ ፈንታ ውኃውን ቁልቁል ይለቅና መዘውር ያዞርበታል፤ ከመዘውሩም መብራት ይገኛል።

አባ ሳሙኤል በአገራችን በውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ ካመነጩት ቀደምት ጣቢያዎች አንዱ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ የተሠራ ሲሆን ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ዛሬ ለትንሽ ፋብሪካ እንኳ የማይበቃ ሊመስለን ይችላል፤ በዚያን ዘመን ግን ለአዲስ አበባ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ በ1970 ገደማ ሥራውን አቆመ። ያቆመውም የጠላት ቦምብ ሳይሆን የጥገና ማጣት ነው። በቻይና ባለሙያዎች ታድሶ እንደ ገና የተከፈተው በ2016 ነው። አርባ ስድስት ዓመት ያህል ውኃው ያለ ሥራ አለፈ ማለት ነው!

በዳርቻው ስንመላለስ አንድ ሽማግሌ አገኘንና ሰላምታ ሰጠናቸው።

«ልጆቼ፣ ከወዴት መጣችሁ?» አሉን።

«ከነፋስ ስልክ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «እንግዲያማ ዕቃችሁን ልታዩ መጥታችኋላ!» ብለው በከዘራቸው ወደ ሐይቁ አመለከቱ።

እውነታቸውን ነው። በብዙ ስፍራ የውኃውን ፊት እምቦጭ ሸፍኖታል፤ በእምቦጩ መካከል የላስቲክ ጠርሙስ፣ ያረጀ ጫማና ከረጢት ተጠላልፎ ይታያል። ወንዙ አንዱንም ዕቃ አልጣለም፤ የሰጠነውን ሁሉ በታማኝነት አድርሷል። ከዚህ የባሰው ግን ዓይን የማያየው ነው። ተመራማሪዎች በአቃቂ ውኃ ውስጥ ለጤና የሚያሰጉ ብረቶች አግኝተዋል። በወንዙ ዳር ደግሞ በዚሁ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይወጣል። እንግዲህ በድልድዩ ላይ የጣልነው ለምሳ ይቀርብልናል ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በእኛ አቆጣጠር በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት ስለ ሆነ፣ አባ ሳሙኤልን 780 ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ነገር ግን ለታላቁም ለታናሹም ሕጉ አንድ ነው። ግድብ የሚመረቀው አንድ ቀን ነው፤ ደለሉን መጥረግ፣ በሩን ቅባት መቀባት፣ ከላይ የሚመጣውን ቆሻሻ መከልከል ግን የዘወትር ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ ሪባን አይቆረጥም፤ ጋዜጠኛም አይጠራም። የሚሠሩት እንደ እኛ ያሉ ደብዳቤ ጸሐፊዎች፣ መዝገብ ያዦችና የነገ መሐንዲሶች ናቸው፤ እነርሱ የተዉት እንደ ሆነ ግን አርባ ስድስት ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል።