የአሮጌ ድንጋይ ዕዳ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይህችን አባባል ቢያስታውስ ብዙ ጣጣ ይቀርለታል። አሮጌ መኪና የሚገዛ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። አሮጌ ስልክ የሚገዛ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጠይቃል። አሮጌ ድንጋይና አሸዋ የሚገዛ ሰው ግን ምን ብሎ ይጠይቃል? ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው፣ ታጥቦ ይጠራል ብሎ ተሸክሞ ይሄዳል። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የጨው ውሃ አኳሪየም ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የባሕር ዓሣና ኮራል ቤቱ ውስጥ የሚያኖር ሰው ብዙ ነው። በእነዚህ ገንዳዎች ውስጥ ተደርድሮ የሚታየው ድንጋይ ለጌጥ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። አብዛኛው የሞተ ኮራል አጽም፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ እንደ እንጀራ ዓይናማ ነው። በየቀዳዳው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነሱ ከሌሉ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ተመርዞ ይሞታል። ድንጋዩ የገንዳው ኩላሊት ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ድንጋይ አዲስ ሲገዛ ውድ ነው። ስለዚህ ቤት የሚቀይር ወይም የሰለቸው ሰው ገንዳውን ከነድንጋዩ፣ ከነአሸዋው በርካሽ ሲሸጥ ገዢ አያጣም።

በቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አባት እንዲህ ያለ ገበያ ቀናው። ልጁ «አባዬ፣ ዓሣ ግዛልኝ» እያለች ስትነተርከው ከርማለች። ጎረቤቱ ሊለቅ ሲል ገንዳውን፣ ሦስት ባልዲ ድንጋይና ሁለት ባልዲ አሸዋ በጥቂት ዶላር ለቀቀለት። ድንጋዩ ላይ ቡናማ አበባ የሚመስሉ ትናንሽ ነገሮች ተለጥፈዋል። አሸዋው ሲነካ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

አባት የመጣለት መፍትሔ አንድ ብቻ ነበር፤ ማፍላት። አገር ቤት ላደገ ሰው የጽዳት መጨረሻው እሳት ነው። ወተት ይፈላል፣ የምንጭ ውሃ ይፈላል፣ የሕፃን ጡጦ ይቀቀላል። ለበዓል ዶሮ የሚሠራበትን ትልቁን ድስት አውጥቶ ምድጃው ላይ ጣደ።

ባለቤቱ ደረሰችበት። «ኧረ ተው አንተ! ይሄን ጉድ በምንበላበት ድስት ልትቀቅለው ነው?»

«ድስት እኮ ይታጠባል።»

«አይሆንም! መጀመሪያ ምን እንደሆነ አንብብ፤ ከዚያ ውጭ አውጥተህ የፈለግኸውን አድርገው።»

እያጉረመረመ ቁጭ ብሎ አነበበ። የሴትዮዋ ጭንቀት ለድስቷ ነበር፤ የተረፈው ግን ቤተሰቡ ነው።

ያ ቡናማ አበባ ፓሊቶዋ ወይም ዞአንቲድ የሚባለው የኮራል ዘመድ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛሉ። ሳይንቲስቶች መርዙን ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ነው፤ የአገሬው ሰው ግን «የሐና ገዳይ ሣር» እያለ ከዚያ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። በተፈጥሮ ከሚገኙት እጅግ ኃይለኛ መርዞች አንዱ ነው። ሙቀት አያጠፋውም። ድንጋዩ ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ተነሥቶ ሳንባ ይገባል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። በደረቅ ብሩሽ መፈግፈግም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ ኦክስፎርድሺር አንድ ቤተሰብ የአኳሪየሙን ኮራል ከማጽዳት ጋር በተያያዘ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። ወጥ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ልጅ አጠገብ ቆማ እያየች የሚፈላ ድንጋይ ማለት ይህ ነው።

የማይታየው ቆሻሻ

ሰው ቆሻሻ የሚለው በዓይኑ የሚያየውን ነው። የአሮጌ ድንጋይ ትልቁ ችግር ግን የማይታየው ነው። የቀድሞው ባለቤት ለዓመታት የበተነው የዓሣ ምግብ ፎስፌት ሆኖ ድንጋዩ ላይ ተጣብቋል። ድንጋዩ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይህን ፎስፌት ለወራት ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ አልጌው በዚህ ይፋፋል። ገዢው አልጌውን ይፈገፍጋል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል።

ሁለተኛው መዳብ ነው። ዓሣን በነጭ ነጠብጣብ የሚሸፍነውን በሽታ ለማከም መዳብ ያለበት መድኃኒት ይሰጣል። ዓሣው ይድናል፤ ድንጋዩና አሸዋው ግን መዳቡን ይመጣሉ፤ ቆይተውም ይተፉታል። መዳብ ለሽሪምፕ፣ ለቀንድ አውጣና ለኮራል መርዝ ነው። ስለዚህ ሻጩን ከዋጋ በፊት መጠየቅ ያለበት «እዚህ ገንዳ ውስጥ መዳብ ገብቶ ያውቃል?» ተብሎ ነው። መልሱ «አዎ» ወይም «እንጃ» ከሆነ፣ ኮራል ለማኖር ያሰበ ሰው ቢተወው ይሻለዋል። በረኪና መዳብን አያወጣም።

ሦስተኛው ሞት ራሱ ነው። ከውሃ ወጥቶ የደረቀ ድንጋይ በየቀዳዳው የሞቱ ትላትሎችና ስፖንጆች አሉበት። እንዲሁ ገንዳ ውስጥ ሲከቱት ይበሰብሳሉ፤ አሞኒያው ይንራል፤ አዲሱ ዓሣ በማግስቱ ተገልብጦ ይገኛል።

ታዲያ እንዴት ይጸዳል?

መጀመሪያ መወሰን ያለበት፣ ድንጋዩ በሕይወት ይቀጥል ወይስ እንደ አዲስ ይጀመር የሚለው ነው። ሕይወቱን ለማቆየት ከሆነ ከሻጩ ቤት ጀምሮ በጨው ውሃ እንደተነከረ መምጣት አለበት፤ በረኪና አይነካውም። ለብቻው በተዘጋጀ ዕቃ፣ በፓምፕና በማሞቂያ፣ አሞኒያው ዜሮ እስኪሆን ይቆያል። ከጥሩው ባክቴሪያ ጋር ግን ጥገኛውም አብሮ ይመጣል። ኤፕታሲያ የሚባለው አረም መሰል እንስሳ ከቁራጭ ሥጋው እንደገና ይበቅላል።

እንደ አዲስ ለሚጀምር፣ መጀመሪያ ብሩሽ ሳይሆን በረኪና ነው። ሽታና ሳሙና ያልተጨመረበት በረኪና፣ 1 እጅ ለ10 እጅ ውሃ፣ ደጅ ላይ፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ። አንድ ሳምንት ያህል ይነከራል። ከዚያ ይፈገፈጋል፣ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ክሎሪን በሚያጠፋ መድኃኒት ይነከራል፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ የበረኪናው ሽታ ፈጽሞ ይጠፋል። ፎስፌቱ የጠናበትን ድንጋይ አንዳንዶች በቀጭን አሲድ ልጠው ላዩን ያነሡለታል። ይህን የሚያደርግ ሰው ሁለት ነገር አይርሳ። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። በረኪና ደግሞ ከአሲድም፣ ከአቼቶም ጋር አይገናኝም፤ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሰው ይገድላል። ይህች ማስጠንቀቂያ አኳሪየም ለሌለው፣ መታጠቢያ ቤት ለሚያጥብ ሰውም ናት።

ንጹሕ ድንጋይ ግን ገና ባዶ ድንጋይ ነው። በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ባለው፣ 25 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ውስጥ ገብቶ ባክቴሪያው እንደገና እስኪቋቋም ሳምንታት ይፈጃል። የዓይን ምስክርነት እዚህ አይሠራም፤ መመርመሪያው አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲል ብቻ ዓሣ ይገባል። ይህን ያልጠበቀ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሁሉንም ሥራ እንደገና ይጀምራል።

አሸዋው ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። የእንቁላል ሽታው አየር ባጣው የታችኛው ንጣፍ ውስጥ የተጠራቀመ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ውሃው እስኪጠራ በባልዲ በባልዲ ማጠብ ይቻላል፤ አዲስ አሸዋ ግን ርካሽ ነውና ብዙ ጊዜ መጣሉ ይቀላል።

የት ይደፋል?

ከእጣቢው ጋር ጉዳዩ ከአንድ ቤት ወጥቶ የአገር ይሆናል። ካውሌርፓ ታክሲፎሊያ የሚባል ለአኳሪየም የተመቸ አልጌ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ታየ። ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። ቸል ተባለ። በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር የባሕር ወለል ላይ ተሰራጨ። ያው አልጌ እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ አቅራቢያ አጉዋ ሄዲዮንዳ በሚባለው የባሕር ሐይቅ ተገኘ። ጠላቂዎች በጥቁር ሸራ እየሸፈኑ ከሥሩ ክሎሪን ለቀቁበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ጠፍቷል እስኪባል ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ልብ በሉ፤ ክሎሪን ማለት ያው የበረኪናው ኃይል ነው። አንድ ሰው ባልዲው ውስጥ በጥቂት ሳንቲም ሊጨርሰው የሚችለውን ሥራ፣ ሕዝብ በሚሊዮኖች ከፈለበት።

ስለዚህ ከሕያው ድንጋይ የወጣ ውሃና እጣቢ ወደ ጎርፍ ቱቦ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር አይደፋም። በረኪና ተጨምሮበት፣ አድሮ፣ በቤት ፍሳሽ ይሄዳል። አልጌውና አሸዋው ደርቆ በፌስታል ታስሮ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል።

እንዲህ ከሆነ አሮጌ ድንጋይ መግዛት ይቅር? አይቅር። በፍሎሪዳ ዙሪያ ሕያው ድንጋይን ከተፈጥሮ ሪፍ መልቀም በ1990ዎቹ የተከለከለው ሪፉ እየተራቆተ ስለነበር ነው። ከጎረቤት ጋራዥ የወጣ ድንጋይ ከባሕር አንዲት ቁራጭ አላስነሣም። በአማርኛ ስለ ባሕር ሲወራ ወሬው ወደብና መርከብ ነው። ባሕር ግን ዕቃ ማመላለሻ ብቻ ሳይሆን ቤትም ነው፤ ነዋሪዎች አሉት።

ርካሽ ዕቃ ርካሽ የሚሆነው የዋጋው ቀሪ በሌላ መልክ ስለሚከፈል ነው። የአሮጌ ድንጋይ ቀሪ ሂሳብ ጊዜ ነው፤ ጥያቄ፣ ንባብ፣ ሁለት ሦስት ወር ትዕግሥት። ገዢው አልከፍልም ቢልም ሂሳቡ አይሰረዝም። ዓሣው፣ ልጁ ወይም ባሕሩ ይከፍለዋል።