የዋንዛ ሳንቃ ከደብረ ማርቆስ እስከ ዘጌ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ስንቁንና ጋቢውን፣ ሲሆንለትም ለዘመድ የሚሆን ማር ይዞ ይሳፈራል። እኔ ግን ባለፈው ጥር የተሳፈርሁት አንድ ክንድ ከስንዝር የሆነ የዋንዛ ሳንቃ ታቅፌ ነው። ረዳቱ «ይኸ ደግሞ የምን መዝጊያ ነው?» ሲለኝ «የጀልባ ሞተር መስቀያ» ብዬ ብመልስለት መንገደኛው ሁሉ ሣቀ። ጤፍ በሚወቃበት ደጋ ላይ ጀልባ ማን አይቶ!

አጎቴ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው በሞተር ጀልባ በማመላለስ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። የጣና የጥንት መጓጓዣ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ዛሬም እንጨትና ዓሣ ይጭናል። የሞተር ጀልባ ድካሙ ግን ከኋላው ነው። ሞተሩ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሁለት የሚጠመዘዙ መቆንጠጫዎች ይያዛልና፣ ጀልባውን የሚገፋው ኃይል ሁሉ በዚያች አንዲት ሳንቃ በኩል ያልፋል።

የአጎቴ ሳንቃ ኮምፔርሳቶ ነበረች። በቡሎኖቹ ቀዳዳ ውሃ እየሰረገ ከውስጥ አበስብሷት ሳለ፣ ቀለም ስለ ሸፈናት ደኅና ትመስል ነበር። አንድ ቀን ተሳፋሪ ጭነው ወደ ዘጌ ሲቃረቡ መቆንጠጫው እንጨቱን ቦጭቆ ወጣ። 40 ኪሎ የሚያህለውን ሞተር ከመስጠም ያዳነው ለልማድ ያህል ያሰሩት ገመድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ ቆመች፤ የቤቱም ገቢ አብሮ ቆመ።

ዋንዛ ባሕር ዳር ጠፍቶ አይደለም። አጎቴ የፈለጉት በእናቴ ጓዳ ለዓመታት የደረቀውን ነው፤ እርጥብ እንጨት ከታሰረ በኋላ ይሸማቀቃልና ቡሎኑ ይላላል። ከበሮና መዝጊያ የሚሠራበት ይህ ዛፍ ለመላግ የሚመች፣ ምስጥም በቀላሉ የማይደፍረው ነው።

ደምበጫን፣ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን አልፌ ማታ ገባሁ። ጧት ሳንቃውን ብንለካው ለመቆንጠጫው አፍ ወፍሮ ተገኘ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አናጢውን «ወፍራም ይሁን» ያልሁት እኔ ነኝና። እስከ ቀትር በመላጊያ ስንልግ ዋልን።

የቀረውን ሥራ አጎቴ ሳይቸኩሉ ሠሩት። ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ አስፍተው በሳሱ፣ በኤፖክሲ ሙጫ ደፈኗቸው፤ ሲደርቅም በሙጫው መካከል መልሰው በሱት። እንዲህ ሲሆን ውሃው ቢሰርግ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም። ጣና ጨው ባይኖርበትም ተራ ብረት ያዝጋልና አይዝጌ ቡሎን ከሰፊ ሮንዴላ ጋር አስገቡ። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ መቆንጠጫው በሚነክስበት ላይ ላሜራ አለበሱት። ከፍታውንም ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባዋ ሆድ ጋር እንድትስተካከል አደረጉ፤ ከዚያ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይዞ በከንቱ ይሽከረከራል። ጣና ወደ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ 15 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚህ የሚሰጠው ከ12 እምብዛም አይበልጥም። የሚባክን የለም ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተሰቀለ። አዲስ ሰንሰለትም ተገዛለት። ወደ ዘጌ የቡና ጫካ ስንቀዝፍ አጎቴ ከፊታቸው ይልቅ ሳንቃዋን ያዩ ነበር። አሮጌው ገመድ አሁንም ከሰንሰለቱ ጎን ታስሯል።

«ሰንሰለት እያለ ገመዱ ለምን?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው እሱን ነው» አሉኝ።