ስም የማይጠራበት ሥራ

«በጎ ፈቃድ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን ከስም መጥሪያ መዝገብ ጋር ተጣብቆ የኖረ ቃል ነው። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪና መምህር በግዴታ ወደ ገጠር ሲሰማራ ያዩ ታላላቆቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል። እኛም ብንሆን ችግኝ ልንተክል በሰልፍ ስንሄድ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ችግኙ ሳይሆን መዝገቡ ነበር። ታዲያ ስም ባይጠራ ኖሮ ስንቶቻችን እንሄድ ነበር?

ይህን ጥያቄ ያነሣሣብን ከአገር ውጭ ያየነው ሥራ ነው። እኛ ሦስት የዚህ ተቋም መምህራን ለትምህርት ብሪታንያ በቆየንበት ወቅት፣ በሰሜን ዌልስ በሚገኘው በፌስቲንዮግ የባቡር መሥመር ላይ አምስት ቀን ሐዲድ ስንጠግን ሰንብተናል። ደመወዝ የለም፤ የመጓጓዣውንም የከፈልነው ከኪሳችን ነው። «ኧረ ምን በወጣችሁ!» የሚል አይጠፋም።

መሥመሩ እ.ኤ.አ. በ1836 ሲከፈት ሥራው ለቤት ክዳን የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ከተራራ ወደ ፖርትማዶግ ወደብ ማውረድ ነበር። የሐዲዱ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አሮጌው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ 1 ሜትር መሆኑን ስናስብ የዚህን ጥበት መገመት ይቻላል። በመጀመሪያ ዘመኑ የተጫነው ፉርጎ ቁልቁለቱን በራሱ ክብደት ይወርድ ነበር፤ ባዶውን ፉርጎ ሽቅብ የሚጎትቱት ፈረሶችም ሲመለሱ ተሳፍረው ነው! በ1946 መሥመሩ ተዘጋ። በ1955 ግን በወዳጆቹ ጥረት ከወደቡ በኩል እንደገና ባቡር ሄደበት።

ይሁን እንጂ ከባዱ ፈተና ገና ነበር። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ በተሠራ ግድብ ምክንያት ከላይኛው ሐዲድ ከፊሉ በውኃ ተዋጠ። በጎ ፈቃደኞቹ ከ1965 ጀምሮ ተራራ እየቆፈሩ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ተለዋጭ መንገድ አወጡ፤ ከፍታ ለማግኘት ሲባል ሐዲዱ ዞሮ በራሱ ላይ በድልድይ ይሻገራል። ግድቡን አልፎ ታነግሪሻይ የደረሰው በ1978፣ መጨረሻው ብላይናይ ፌስቲንዮግ የገባው በ1982 ነው። እነዚያን ቆፋሪዎች በቀልድ «አፈንጋጮች» ይሏቸው ነበር፤ ከቀድሞው መሥመር ወጥተዋልና። በዚያው ዘመን በእኛ አገር ይኸው ቃል በሰው ላይ ሲለጠፍ ምን ያስከትል እንደነበር አንባቢ አያጣውም።

የእኛ ድርሻ የበሰበሱትን ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙ እንጨቶች መለወጥ ነበር። ጠጠሩ በአካፋ ይዛቃል፤ ማሠሪያው ይፈታል፤ ሐዲዱ በክሪክ ትንሽ ከፍ ይላል፤ አሮጌው በጎን ይጎተታል፤ አዲሱ ይገባል፤ ጠጠሩም ከሥሩ ይጠቀጠቃል። ሲነገር ቀላል ነው! ባዶ ቦታ ከቀረ ባቡር ባለፈ ቁጥር እንጨቱ ይሰምጣል። በሐዲዶቹ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ክፍተት ይተዋል፤ ብረት በሙቀት ይረዝማላ። ስንት ጊዜ በጠመኔ የጻፍነው ትምህርት መሰላችሁ!

የቡድኑ መሪ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ንግግር አላበዙም። አንዱን እንጨት እያየናቸው ጠቀጠቁ፤ ሁለተኛውን አብረውን ጠቀጠቁ፤ ሦስተኛውን ትተውልን ሄዱ። ተመልሰው በዲጂኖ መታ መታ አደረጉትና እንድናዳምጥ ምልክት ሰጡን። ሥሩ የሞላው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶው እንደ ከበሮ ነው። ከዚያ ወዲያ እሳቸውን መጠየቅ ቀረ፤ ራሳችን እየመታን ራሳችን አረምን።

በማግስቱ ዝናቡ ወረደ። ማንም ስም አልጠራም፤ ግን የቀረ ሰው የለም። ለምን እንደመጣች በሻይ ሰዓት የጠየቅናት አንዲት ወጣት፣ ትናንት ያስገባችው እንጨት የቱ እንደሆነ እንደምታውቅና ባቡር በላዩ ሲያልፍ ማየት እንደምትፈልግ ነገረችን። ሌላ ምክንያት አልጨመረችም።

«ይህ የጠገበ ሰው ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ የራበውን ሰው በነፃ ሥራ ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን እኛም የደቦና የወንፈል ልጆች ነን። በደቦ ማን ስም ይጠራል? ገበሬው የሚመጣው የሥራውን ጥቅም ስለሚያይ፣ ነገም ተራው የእርሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

እንግዲህ ዕጩ መምህራን ሆይ! ነገ በየትምህርት ቤቱ ስትመደቡ ችግኝ ማስተከላችሁ፣ አጥር ማሳጠራችሁ አይቀርም። መዝገብ ሰውን ያመጣል እንጂ ልቡን አያመጣም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጉድጓድ ስጡት፤ አንዴ አሳዩት፤ አንዴ አብራችሁት ሥሩ፤ ከዚያ ተዉለት። ውኃ የሚያጠጣው፣ መጽደቁን የሚያየውም እርሱ ይሁን። አንድ ቅዳሜ መዝገቡን ሳትይዙ ሂዱና ስንት ልጅ እንደመጣ ቁጠሩ። ያን ቀን የምትቆጥሩት የልጆቹን ብቻ ሳይሆን የራሳችሁንም ውጤት ነው።