ሐሙሲት ያለው ቅጂ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018፤ ባሕር ዳር

የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ዋና ሰርቨር እዚህ ነው፤ ለሐሙሲት ቅርንጫፍ የሚሆነውን ቅጂ ዛሬ ጀመርኩት። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። «ዋል ሌቭል» ድሮውንም «ሬፕሊካ» ላይ ስለሆነ አልነካሁትም። ለቅጂው ብቻ የሚሆን ተጠቃሚ ከፍቼ ፈቃዱን ለብቻው በአንድ መስመር ጻፍኩለት። በዚያ የፈቃድ ፋይል «ኦል» ማለት ሬፕሊኬሽንን አይጨምርም፤ ስንቱን ባለሙያ ግማሽ ቀን የሚያስቀምጠው ይሄ ነው።

ሥራ አስኪያጁ «ሲንክሮነስ ይሁን፣ አንድ ብር እንዳትጠፋ» አሉ። እንዲያ ከሆነ ባሕር ዳር ያለው ገንዘብ ተቀባይ ሐሙሲት «ደርሶኛል» እስኪል ይጠብቃል። እዚያ መብራት ሲሄድ እዚህ የተሰለፈው ሰው «ሲስተም የለም» ሊባል ነው። አሲንክሮነስ አደረግኩት፤ ሲገባቸው ዝም አሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ቀኑን የበላው «ስሎት» ነው። ቅጂው ያልወሰደውን መዝገብ ዋናው ሰርቨር በ16 ሜጋባይት ፋይል እየከፋፈለ ያቆይለታል፤ ካልገደቡት ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ። መስመር ለአንድ ከሰዓት ብቻ በሚቋረጥበት አገር ይህ አያስጨንቅም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የክልሉ ሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ግን የቆየው ለወራት ነበር። ስለዚህ 20 ጊጋባይት ላይ ገደብኩት፤ ከ13ኛው እትም ጀምሮ ይቻላል። ገደቡ ካለፈ ቅጂውን እንደ አዲስ መሥራት ነው። ይሁን፤ ዋናው ከሚቆም ቅጂው ይሙት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ ሐሙሲት

ሙሉ ቅጂውን በመስመር ከመላክ በዲስክ ይዤው በሚኒባስ መጣሁ። የገበያ ቀን ነውና በሩ ላይ በግ የሸጠም ሊሸጥ የመጣም ተኮልኩሏል። ቅጂው ተነሥቶ ከማታ ወዲህ የተጻፈውን ከባሕር ዳር መሳብ ጀመረ። ለማየት ብቻ ነው፤ አይጻፍበትም። መስመር ሲጠፋ የአባሉን ሒሳብ ያዩበታል፣ ወጪውን በደረሰኝ ይዘው ኋላ ያስገቡታል።

ገንዘብ ያዧ ስክሪኑን አይታ፣ «ጋሼ፣ መጨረሻ የመጣው 8፡15 ላይ ነው ማለት ነው? ጥሩ ነው፣ አሁን ገና 10 ሰዓት ነው» ብትለኝ ደነገጥኩ። ማሽኑ 8፡15 የሚለው ጠዋት 2፡15ን ነው። መስመር ቢጠፋ ኖሮ ስምንት ሰዓት ሊሆነው የደረሰ ሒሳብ አምና ልትከፍል ነበር፤ ሰውየው ያን ብር ረፋዱ ላይ ባሕር ዳር አውጥቶት ቢሆንስ?

ሰዓቱን አጥፍቼ «ከመጣ ይህን ያህል ጊዜ ሆነው» የሚል አደረግኩት። ማታ ባሕር ዳር ማንም ሳይሠራ ሲያድርም ቁጥሩ እየጨመረ ያድራል፤ ጠዋት ስታየው እንዳትደናገጥ ነገርኳት። ከሁለት ሰዓት በላይ ካሳየ ግን ከፍ ያለ ወጪ ሳትከፍል ለባሕር ዳር ትደውላለች። ስልክ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጽፋ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፈችው።